እትዬ ሰዓዳ እና የዘምዘም ጠባሳ

የእትዬ ሰዓዳን ሞት የሰማሁት ከተቀበሩ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ደሴ ፒያሳ መድኃኒት ቤት በር ላይ ወረፋ ይዤ ሳለሁ ነው። ድሮ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ይሠራ የነበረ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ መድኃኒት መወደድ ሲያወራልኝ ቆየ። ከዚያ በወሬው መሀል፣ ለመሆኑ ሰዓዳ ወደ አኼራ መሄዳቸውን ሰምተሻል ወይ አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ተናደድኩበት። እንዲህ ያለ ነገር ከጉልበት ሕመም ቀጥሎ አይነገርም። መድኃኒቴን ሳልገዛ ወረፋውን ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ልጅ አልወለዱም። እህታቸው ቀድማቸው ሞታለች። ማን ዘንድ ሄጄ፣ የማን ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ እንደማለቅስ አጣሁት። ለዚህ ነው እዚህ ወረቀት ላይ የተቀመጥኩት።

እትዬ ሰዓዳ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ያጥባሉ፣ ያሽጋሉ። ከመሠረተ ትምህርት ያለፈ ትምህርት አልነበራቸውም። ሆስፒታል ወለል ሲጠርጉ ኖረው፣ ሐኪሞቹ ሲሠሩ አይተው አይተው ነው እጃቸው የተፍታታው። ረዥምና ቀጭን ሴት ነበሩ። ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፉታል፤ ሻሻቸው አንድ ቀን ዘመም ብሎ አይቼ አላውቅም። ቁስል ላይ የደረቀ ፋሻ ሲያላቅቁ በለሆሳስ መንዙማ ያዜማሉ፤ በሽተኛው ሲጮህ ዜማቸውን ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ እንጂ አያቋርጡም። እነዚያ የአሰብ መስመር ሾፌሮች፣ ማንንም የማይፈሩት፣ የእሳቸውን ክፍል ይፈሩ ነበር። ለእኔ ያወጡልኝ ስም "የኮሌጅ ልጅ" ነው፤ ሲደሰቱብኝ ብቻ "አስቱ" ይሉኛል።

እኔ ያን ጊዜ ገና ከማሠልጠኛ የወጣሁ ጤና ረዳት ነበርኩ። ድርቁ ካለፈ ሁለተኛው ዓመት ገደማ ነው። ከጴንጤ ቤተሰብ ነኝ፤ የምናመልክበት ቤት ተዘግቶ በየሰዉ ጓዳ ድምፃችንን ቀንሰን የምንጸልይበት ጊዜ ነበር። ለመሥሪያ ቤት ሰው ትንፍሽ አላልኩም። እትዬ ሰዓዳ ግን ያውቁ ነበር። እንዴት እንዳወቁ እስከ መጨረሻው አልነገሩኝም። እሑድ ተረኛ ሆኜ ስመደብ ብቻ፣ ምክንያት ሳይጠይቁ ራሳቸው ይገቡልኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ ፋሻ እንደ ዛሬው አንዴ ታስሮ አይጣልም። ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ጤና ጣቢያው ጓሮ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ይጠቀለላል። እትዬ ሰዓዳ ይህን ጥቅለላ ለሠራተኛ አይሰጡም፤ ለሕፃናት ነበር የሚያስቀምጡት። ቁስሉ የሚያጠራጥራቸው ልጅ ሲመጣ፣ ያመጣውን ትልቅ ሰው በሆነ ባልሆነው ወደ ካርድ ክፍል ይሰዱታል። ከዚያ ልጁን በርጩማ ላይ አስቀምጠው የፋሻውን ጫፍ ያስይዙታል፤ እሳቸው ሌላውን ጫፍ ወጠር አድርገው ይዘው፣ ልጁ ሲጠቀልል ፋሻው በመሀላቸው ቀስ በቀስ ያጥራል። ማን መታህ ብለው አይጠይቁም። ቤታችሁ ማን ቀድሞ ይነሳል? እሳት የሚያነደው ማን ነው? አባትህ ከሥራ ሲገባ አንተ የት ትሆናለህ? ይሏቸዋል። ልጅ እጁ ሥራ ከያዘና ዓይን ዓይኑን የሚያየው ሰው ከሌለ ይናገራል ባይ ነበሩ። አንዱ ፋሻ ካልበቃ ሁለተኛ ያመጣሉ። አንዳንዴ የተጠቀለለውን ከጀርባቸው ፈትተው መልሰው ሲሰጡ አይቻቸዋለሁ።

የተነገራቸውን ይዘው ደግሞ ዝም አይሉም። ከሥራ ሲወጡ ያ ልጅ ወዳለበት መንደር ይሄዳሉ። ጎረቤት ያናግራሉ፣ እናቲቱን ከሴቶች ማኅበር ጋር ያገናኛሉ፣ የሚያስጠጋ አክስት ወይም አያት ካለ ፈልገው ያገኛሉ። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዛቸው አልነበረም። ለዚህ ሥራ እኛ ዘንድ የተመደበ ሰውም፣ ክፍልም አልነበረም።

እህታቸው ሞታ ቢስቲማ ለልቅሶ በሄዱ ጊዜ ነው እኔ ጥፋቴን የሠራሁት።

መዲና የምትባል ሴት የእንጀራ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ዘምዘም ትባላለች፣ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ሆዷ ላይ፣ ከእምብርቷ ከፍ ብሎ፣ ሦስት ክብ ቃጠሎዎች ነበሩ፤ አንዱ አመርቅዟል። ደሜ ፈላ። መዲናን አስወጥቼ ልጅቷን ፊት ለፊቴ አቆምኩና ማን አቃጠለሽ አልኳት። መሬት መሬት አየች። ደግሜ ጠየቅኳት፤ ድምፄም ሳይከር አልቀረም።

"እሜ መዲና ይዛኝ ነበር" አለች።

ለእኔ ይህ በቃኝ። እንጀራ እናት፣ ሦስት ቃጠሎ፣ "ይዛኝ ነበር"፤ ሌላ ምን ቀረኝ? በዚያው ቁጭቴ ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጽሕፈቴም ያምር ነበር። ከሰዓት በኋላ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው መዲናን ወሰዷት። የዘምዘም አባት ይማም የመንገድ ሥራ ላይ ባቲ መስመር ስለነበር፣ ልጅቷን አሳዳጊ የላትም ብለው በድርቁ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት የሚሰበሰቡበት ደሴ ያለ ቤት አስገቧት። መዲና ስትወሰድ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት የጥፋተኛ አስተያየት አድርጌ ተረጎምኩት። እንዲያውም የዚያን ቀን ራቴን በደንብ በላሁ።

እትዬ ሰዓዳ በሳምንቱ ተመለሱ። ምስጋና ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም። ታሪኩን ጨርሼ ስነግራቸው ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ይጠይቁኝ ጀመር። ስንት ናቸው? ሦስት። የት ላይ? ሆዷ ላይ። በረድፍ ናቸው? አዎ፣ በረድፍ። በመሀላቸው ያለው ርቀት እኩል ነው? አሰብኩ፤ እኩል ነበር። ዓይኗስ ቢጫ ነበር? ዓይኗን አላየሁም።

"በንዴት የሚያቃጥል ሰው አይለካም፣ አስቱ" አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሲሆን በጋለ ብረት ሆዱን የሚተኩሱ አዋቂዎች በአገሩ ሁሉ አሉ። መዲና የሰው ልጅ እጄ ላይ ሊሞት ነው ብላ ወስዳ አስተኮሰቻት፤ እንዳትወራጭ ያዘቻት፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ደግሞ በገዛ እግሯ ወደ እኛ አመጣቻት። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ አያቴ ራሷ ግንባሯ ላይ የተኩስ ጠባሳ ያላት ሰው፣ ይህን ማወቅ አቅቶኝ አይደለም። መጠየቅ አልፈለግሁም። እትዬ ሰዓዳ ተኩሱን ይወዱታል ማለትም አይደለም፤ ከተኳሾቹ ጋር ስንት ጊዜ ተጣልተዋል። ግን ባለማወቅ ሊያድን የሞከረ ሰውና ሊጎዳ የተነሳ ሰው አንድ እስር ቤት አይገቡም አሉ። አልሰደቡኝም። ብቻ የታጠቡ ፋሻዎች በኩርቱ ፌስታል አድርገው፣ ነይ ደሴ እንሂድ አሉኝ።

የሐረጎን ዳገት በአውቶቡስ ወጣን። ሕፃናቱ ያሉበት ቤት ስንደርስ ኃላፊው ሌላ ዱብ ዕዳ ነገረን፤ ዘምዘም ሐሙስ ዕለት ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር፣ ወደ ትልቁ ማሳደጊያ ከሚጓዙት ልጆች ዝርዝር ገብታለች። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ የሄደ ልጅ ስሙ ይለወጣል፣ ወረቀቱ ይጠፋል። ቤተሰብ ፍለጋ ቢሄድ ከየት ይጀምራል?

እትዬ ሰዓዳ ከኃላፊው ጋር አልተከራከሩም። ዘምዘምን አስጠርተው በግቢው ደረጃ ላይ አጠገባቸው አስቀመጧትና ፋሻውን አወጡ። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ስለ ተኩሱ ልጅቷ በቀላሉ ተናገረች፤ ሰውየው ሽበታም እንደሆነ፣ እሜ መዲና ከእሷ ብሳ እንዳለቀሰች። ሁለተኛው ፋሻ ላይ እትዬ ሰዓዳ፣ አባትሽ ከሥራ ሲመጣ ምን ይዞልሽ ይመጣል ብለው ጠየቁ። ዘምዘም መጠቅለሉን አቆመች። ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለውን ሰንበር ለመሸፈን የቀሚሷን ጫፍ ወደ ታች ጎተተች። እትዬ ሰዓዳ ምንም እንዳልተፈጠረ የያዙትን ጫፍ ትንሽ ላላ አደረጉላት፤ ልጅቷም እንደገና መጠቅለል ጀመረች።

"በገመድ ነው" አለች እየጠቀለለች። "እሜ መዲና መሀል ትገባለች። እሷንም ይመታታል።"

ያን ቁርጭምጭሚት ጤና ጣቢያ ሳለች አላየሁትም ነበር። ሆዷን አይቼ ተናድጄ፣ የቀረውን የአካሏን ክፍል ሳላይ ደብዳቤ የጻፍኩ ሰው ነኝ። እትዬ ሰዓዳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመሩ።

"ዘምዘሜ፣ የት ማደር ትፈልጊያለሽ?"

"እሜ መዲና ጋ" አለች፤ ለዚህኛው መልስ አላመነታችም።

ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ነገሩን እንዳገላበጡት አሁንም ድምፃቸው ይሰማኛል። ስለ ተኩሱ ብቻ ብንናገር መዲና ትፈታለች፣ ልጅቷ ግን ወደ ገመዱ ትመለሳለች። ስለ ገመዱ ብንናገር ሐሙስ ዕለት ተጭና ትሄዳለች፤ መሀል የምትገባላትን አንዲቷን ሰው ታጣለች። የኮሌጅ ልጅ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትናገሪያለሽ አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እሳቸውም ለጊዜው እንደማያውቁ ነገሩኝ። መዲና በራችንን ከፈራች በሚቀጥለው ጊዜ ይህቺን ልጅ ማን ያመጣታል ይሉ ነበር፤ ከራሳቸው ጋር ነው የሚያወሩት።

ረቡዕ ጠዋት ቀበሌ ገባን። የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤዬ በእኔው ጽሕፈት ተዘርግቶ ነበር። በዚያ ቢሮ ተሳስቻለሁ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ነገር ከተነሳ ሌላውም ይነሳል፣ እሑድ እሑድ የት እንደምውል ሊነሳ ይችላል። እትዬ ሰዓዳ እኔን ቀድመው እንዲናገሩልኝ በልቤ ለመንኩ። አልተናገሩም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

ደብዳቤው ስሕተት ነው፣ ሳልመረምር ጻፍኩት፣ ሴትየዋ ንጹሕ ናት አልኩ። ሊቀመንበሩ አፈጠጠብኝ። ያኔ እትዬ ሰዓዳ ተቀበሉኝ። የተኩሱን ነገር አስረዱ፤ ቀጥለው ስለ ገመዱም አልደበቁም። ልጅቷ በእሳቸው ዋስትና ለመዲና እንድትሰጥ፣ በየሰኞው ጤና ጣቢያ ቀርባ ሰውነቷ እንዲታይ፣ ይማምም አብሯት እንዲመጣ፣ የሴቶች ማኅበር ጎረቤቶች ተራ ገብተው ቤቱን እንዲጎበኙ ጠየቁ። ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ይፈረም አሉ። ሰውየው፣ ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆንስ ሲላቸው ረጋ ብለው መለሱ።

"አማና ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብትሆን እኔን እሰሩኝ።"

ፈረመ። መዲና በዚያው ቀን ወጣች፤ ዘምዘምም ሐሙስ ጠዋት መኪናው ሊነሳ ሲል ከዝርዝሩ ተሰርዛ ወጣች።

የይቅርታው ነገር ቀረ። እኔ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ በደንቡ አፉ በይኝ ልላት ፈልጌ ነበር። እትዬ ሰዓዳ አጥብቀው ከለከሉኝ። ሽማግሌ በተቀመጠበት አፉ አልልም ማለት በእኛ አገር ነውር ነው፤ ስለዚህ መዲና ልቧ ሳይሻር በአፏ ብቻ ትላለች፣ ከዚያ ወዲያ አቤት የምትልበት ቦታ የላትም አሉኝ። ብቻሽን ሂጂ፣ መልስም አትጠብቂ አሉ። ብቻዬን ሄድኩ። መዲና ደጃፏ ላይ ልብስ ታጥብ ነበር። አፉ በይኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ማጠቧን ቀጠለች። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ለእትዬ ሰዓዳ ስነግራቸው፣ ይገባታል ከማለት በቀር ምንም አልጨመሩም።

ሰኞዎቹ ለወራት ቀጠሉ። ዘምዘም ፋሻ ትጠቀልላለች፤ ይማም ቆቡን ይዞ ጥግ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ትልቅ ጎበዝ ነው፣ እጁ በአካፋ የሻከረ። በድርቁ ከዘምዘም እናት ጋር ሁለት ልጆች ቀብሯል። እትዬ ሰዓዳ በዚህ አላዘኑለትም ብል ውሸት ነው፤ ግን ሐዘኑን ለዱላው ማሳበቢያ አላደረጉለትም። አንድ ሰኞ በሩን ዘግተው የሚከተለውን ሲሉት ሰማሁ።

"አንተ አያ ይማም፣ የሞቱትን ልጆች እኔም አብሬህ አለቅሳቸዋለሁ። ይቺ ግን አልሞተችም። በሕይወት ያለችዋን ተዋት ትኑር።"

አለቀሰ። ደህና ሰነበተ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን እንደገና እጁን አነሳ።

የኋላውን አስቀድሜ ልናገር፣ አንባቢ በከንቱ እንዳይጨነቅ። ዘምዘም ከዚያን ቀን በኋላ አባቷ ቤት አላደረችም። እሷና መዲና እትዬ ሰዓዳ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ገቡ፤ ይማም ልጁን ማየት ሲፈልግ ሰው ባለበት ጤና ጣቢያ እየመጣ ያያት ነበር። ልጅቷ እዚያው አደገች፣ ተማረች፣ ተዳረች። መዲና ለእሷ ስትል ትዳሯን ትታለች፤ ከማሕፀኗ ላልወጣች ልጅ። ከአብራካቸው የወጣውን የሚጥሉ ሰዎች ባየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ያን የክረምት መግቢያ ቀን ነው። እኩለ ቀን ነበር፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። እትዬ ሰዓዳ ፈቃድ ወጥተው ቢስቲማ ነበሩ፤ ክፍላቸው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። መዲና ዘምዘምን በጀርባዋ አዝላ በሩ ላይ ደረሰች። የስምንት ዓመት ልጅ ታዝላ አይቼ አላውቅም። የልጅቷ ክንድ አብጦ በነጠላ ታስሯል። መዲና ወደ ውስጥ ተመለከተች፣ ከእኔ ሌላ ሰው እንደሌለ አየች።

"እትዬ ሰዓዳ የሉም?" አለች።

የሉም አልኳት። ከበሩ ወለል ሳታልፍ ቆመች። በዚያው በር ነበር አብዮት ጠባቂዎቹ ይዘዋት የወጡት። ነይ ግቢ ለማለት መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ዘመዶቿ ሩቅ፣ ወረባቦ ናቸው፤ ተመልሳ ብትወጣ የምትሄድበት ከይማም ቤት በቀር ሌላ አልነበራትም። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። ከነጠላዋ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር።

ከዚያ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ዘምዘምን ከጀርባዋ አውርዳ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻት፣ የክንዷን ማሰሪያ ፈታች፣ ወደ እኔም ፈቀቅ አደረገቻት።

"እንግዲያስ አንቺው እይያት" አለችኝ። "ግን ዛሬ ከእግሯ እስከ ራሷ እይያት።"